መሪ ላይ ከማንቀላፋት እስከ ባይፓስ

መጀመሪያ ያንቀላፋሁት ቦሌ መንገድ ላይ፣ ቀይ መብራት አስቁሞኝ ነው። ከኤርፖርት ያነሳኋቸው ሁለት እንግዶች ከኋላ ተቀምጠዋል። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ ከኋላ ያሉት መኪኖች ክላክሳቸውን አቀለጡት፤ እኔ ግን የነቃሁት አንደኛው እንግዳ ትከሻዬን ሲነካኝ ነው። ይቅርታ ጠይቄ ነዳሁ። ገና ረፋዱ ላይ ነበር፤ ሌሊቱንም ሙሉ ተኝቼ ያደርኩ መስሎኝ ነበር።

ስሜ ታምራት ይባላል። ቦሌ ውስጥ መኪና ከነሾፌሩ አከራያለሁ፤ ከሾፌሮቹም አንዱ እኔው ራሴ ነኝ። ይህን የምጽፈው ክብደት ለመቀነስ ቀዶ ሕክምና ለማድረግ ወስነው "የቱ ይሻለኛል?" የሚለው ጥያቄ ላይ ለቆሙ ሰዎች ነው። እኔ እዚያ ጥያቄ ላይ በቆምኩ ጊዜ ዙሪያዬን የከበበኝ ወይ የሚያስፈራራ ወይ የሚያሻሽጥ ሰው ነበር። ሐኪም አይደለሁም፤ የምናገረው እኔ ላይ የደረሰውን ብቻ ነው።

ያኔ ክብደቴ መቶ አርባ ስምንት ኪሎ ነበር። ሾፌሮቹ "ተሳቢው" ይሉኛል፤ እኔም ስቄ አልፈዋለሁ። ሆሳዕና ያለችው እናቴ ደግሞ ልጠይቃት በሄድኩ ቁጥር ጎረቤት ጠርታ "ልጄን እንዴት እንደተመቸው እዩልኝ!" ትላለች። በእኛ ዘንድ የወፈረን ሰው ታሟል ብሎ የሚጠረጥር የለም፤ የሚጠረጠረው የከሳው ነው። ስለዚህ ጉልበቴን ሲያመኝ ዕድሜ ነው አልኩ። ደረጃ ስወጣ ትንፋሽ ሲያጥረኝ ቤታችን አራተኛ ፎቅ ስለሆነ ነው አልኩ። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ይህችን ሰበብ ጠንቅቆ ያውቃታል።

ማንኮራፋቴንማ ባለቤቴ ሰናይት ትቀልድበት ነበር፤ "ላይኛው ፎቅ ያሉት ሰዎች ሰላምታ ቀንሰውናል" ትለኛለች። የማትቀልድበት ግን አንድ ነገር ነበር። ማንኮራፋቱ ድንገት ጸጥ ይላል፤ ትንፋሼ ይቆማል፤ ቆይቼ ውሃ ውስጥ ሰጥሞ እንደወጣ ሰው በኃይል እተነፍሳለሁ። እሷ ጸጥታው ሲመጣ ተነስታ ትጎነትለኛለች፤ እኔ ጠዋት ስነሳ የማስታውሰው አንዳች ነገር የለም።

ከዚያ ቀይ መብራት በኋላ እንቅልፉ ደጋገመኝ። የቤንዚን ሰልፍ ላይ፣ ወንበር ላይ ተቀምጬ እንግዳ ስጠብቅ፣ የቤተ ክርስቲያን ስብከት መሃል። ማስቲካ አኝካለሁ፣ መስኮት እከፍታለሁ፣ ፊቴ ላይ ውሃ እረጫለሁ። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ሾፌር የሆነ ሰው መሪ ላይ እንቅልፍ ይጥለኛል ብሎ እንዴት ያወራል? እንጀራዬ ነው።

እሑድ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ሰናይት ለመዘምራን ስብሰባ ቀረች። ልጆቹን ይዤ ወደ ቤት ተነሳሁ። ኤልዳና ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ናታን ስድስት። ሲኤምሲን አለፍን። ናታን ከኋላ ይዘምራል። ከዚያ በኋላ ምንም የለም።

ድምፅ ቀሰቀሰኝ። መኪናው አካፋዩ ላይ ወጥቷል። ፊት ለፊቴ የመብራት ምሰሶ ነው። ዞር አልኩ። የኤልዳና ከንፈር ይደማል። ናታን ዓይኑን አፍጥጦ ያየኛል። አያለቅስም።

"አባዬ፣ ተኝተህ ነው?" አለኝ።

በመሐረቤ የኤልዳናን ከንፈር ያዝኩላት።

የልጄ ከንፈር ተሰፋ፤ ከዚያ በቀር ማንም አልተጎዳም። ሰናይት ሆስፒታል ስትደርስ ትጮህብኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ልጆቹን አገላብጣ አየቻቸው፣ አቀፈቻቸው፣ ከዚያ ቀስ ብላ "ከዛሬ ጀምሮ ልጆቼ አንተ የምትነዳው መኪና ውስጥ አይገቡም" አለችኝ። ልጆቻችን አላለችም። በማግስቱ መኪናዬ በር ላይ ቆማ እነሱ በታክሲ ተጋፍተው ትምህርት ቤት ሲሄዱ በረንዳ ላይ ሆኜ አየኋቸው። ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ሁሉ ያደረግሁት ያን ቃል ለማስነሳት ነው።

የእንቅልፍ ምርመራ አደረግሁ። ውጤቱን ያነበበልኝ ሐኪም ከባድ ስሊፕ አፕኒያ መሆኑን ነገረኝ። "ሲተኙ ጉሮሮዎ ይዘጋል፣ አየር ያጣሉ፣ አንጎልዎ ይቀሰቅስዎታል። ይሄ ሌሊቱን ሙሉ ይደጋገማል። አልጋ ላይ ይውላሉ ያድራሉ እንጂ አይተኙም" አለኝ። መንዳት እንዳቆም አዘዘኝ፤ አቆምኩ። አፍንጫ ላይ ታስሮ አየር የሚገፋ ሲፓፕ የሚባል መሣሪያም ሰጠኝ። መሣሪያው ይሠራል፤ እሱን አስሬ ያደርኩባቸው ሌሊቶች እንደ አዲስ ሰው አንቅተውኛል። ችግሩ መብራት ሲሄድ እሱም አብሮ መሄዱ ነው፤ የእኛ ሰፈር መብራት ደግሞ መሄድ ይወዳል። ሐኪሙ ጉዳዩን ሳያድበሰብስ ነገረኝ፤ ጉሮሮዬን የሚዘጋው በአብዛኛው ውፍረቴ ስለሆነ እሱ ካልቀነሰ ዕድሜ ልኬን ከመሣሪያው ጋር ነኝ።

ክብደት ለመቀነስ ያልሞከርኩት ነገር አልነበረም። ጂም ተመዝግቤያለሁ። ጾም ጸሎት በታወጀ ቁጥር ነፍሴንም ሥጋዬንም አብሬ ላስተካክል ብዬ ተነስቻለሁ። አሥር ኪሎ እቀንሳለሁ፣ አሥራ ሁለት እጨምራለሁ፤ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነብኝ። ሐኪሙ ወደ ቀዶ ሐኪም ሲልከኝ ያፈርኩ ያህል ተሰማኝ፤ ምግብ መተው አቅቶት ሆዱን ሊያስቀድድ የሚሄድ ሰው። ዛሬ ለአንባቢዬ የምለው ይህ ስሜት ውሸት መሆኑን ነው። በሽታ ነው፤ በሽታ ደግሞ ይታከማል።

ቀዶ ሐኪሟ ዘንድ ከመሄዴ በፊት መኪና ስገዛ የማደርገውን አደረግሁ፤ የያዙትን ሰዎች ጠየቅሁ። ጓደኛዬ ደረጀ የመኪና ደላላ ነው፤ ከዓመት በፊት ስሊቭ የሚባለውን ቀዶ ሕክምና አድርጎ ሸንቅጦ ነበር። ቦሌ ሚካኤል አንድ ጋራዥ በር ላይ ቆመን፣

"ወንድሜ፣ ስሊቭ ግባ! ቆርጦ መጣል ነው፣ አለቀ። ባይፓስ ግን ሽቦ መቀጣጠል ነው፤ ኦሪጅናሉን አስነክተህ በኋላ መካኒክ ፍለጋ ልትንከራተት?" አለኝ።

የሰናይት እህት ደግሞ ባሉን ይሻልሃል አለችኝ፤ ሳይቀደድ በአፍ ገብቶ ጨጓራ ውስጥ የሚነፋ ኳስ ነው። እኔ ግን የደረጀን ቀበቶ አይቼ ልቤ ስሊቭ ላይ ተጣብቆ ቀረ። ስህተቴ የጀመረው እዚህ ነው። መኪናን የነዳው ሰው ቢመሰክርልህ ያስኬዳል፤ የደረጀ ጨጓራ ግን ስለ እኔ ጨጓራ ምንም አያውቅም።

ቀዶ ሐኪሟ ረጋ ያለች፣ ቃል የማታባክን ሴት ናት። ወረቀት ላይ ሦስቱንም ሥላ አስረዳችኝ። ባሉኑ ጊዜያዊ ነው፤ ከወራት በኋላ ይወጣል፤ በእኔ ክብደት ላይ ደግሞ ብቻውን ብዙ ለውጥ እንደማያመጣ ነገረችኝ። ስሊቭ አብዛኛውን ጨጓራ ቆርጦ ማውጣት ነው፤ የሚቀረው እንደ ሙዝ ቀጭን ይሆናል፤ አንጀት አይነካም። ባይፓስ ደግሞ ከጨጓራው አናት እንቁላል የምታህል ከረጢት ለይቶ በቀጥታ ከትንሹ አንጀት ጋር ማገናኘት ነው፤ የተቀረው ጨጓራ እዚያው ሆድ ውስጥ ይቀመጣል፣ ምግብ ግን አያልፍበትም። ሁለቱም ብዙ ኪሎ ያስቀንሳሉ፤ ሁለቱም ከዚያ በኋላ ቫይታሚንና ክትትል ይፈልጋሉ፤ ባይፓስ ግን በቫይታሚኑ ነገር ፈጽሞ ቀልድ አያውቅም።

ከዚያ ጥያቄ በጥያቄ አጣደፈችኝ። ስኳር አለ? ግፊት? ሲጋራ? ቃር?

"ቃር የለብኝም" አልኩ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

እመኑኝ፣ ልዋሽ አስቤ አልነበረም። እኛ ቤት ቃር በሽታ ሆኖ አያውቅም። በርበሬ የሚበላ ሰው ቃር አለው፤ ክትፎ በሚጥሚጣ የሚወድ ሰውማ ቢኖረው ምን ይገርማል? መድኃኒቱ ደግሞ ተልባ ነው። እናቴ ቆልታ አስወቅጣ ትልክልኛለች፤ ማታ ማታ በጥብጬ አንድ ብርጭቆ እጠጣለሁ፤ መኪና ውስጥም በውሃ ላስቲክ ይዤ እዞራለሁ። ተልባ የሚጠጣ ሰው መድኃኒት እወስዳለሁ አይልም፤ መድኃኒት የማይወስድ ሰው ደግሞ ሕመም አለብኝ አይልም። ሐኪሟም ቃሌን ተቀብላ ለስሊቭ የሚያስፈልጉትን ምርመራዎች አዘዘችልኝ።

በሁለተኛው ቀጠሮ ሰናይት አብራኝ መጣች። ሐኪሟ ካርዴን እያነበበች "ስኳሩ ገና ጫፍ ላይ ነው፣ ግፊት አለ፣ ቃር የለም" ስትል ሰናይት ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

"ይቅርታ ዶክተር" አለች። "ይሄ ሰውዬ ተልባ ሳይጠጣ አድሮ አያውቅም። ሦስት ትራስ ደርድሮ፣ ቁጭ ብሎ ነው የሚተኛው።"

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "አቶ ታምራት፣ ሲጎነበሱ ወደ አፍዎ የሚመለስ መራራ ነገር አለ?"

"አለ፤ ግን እሱማ..." ብዬ ጀመርኩ።

"ተልባው ማቃጠሉን ያስታግስልዎታል እንጂ አሲዱን ከመውጣት አያግደውም" አለችኝ። እዚያው ኢንዶስኮፒ አዘዘች። ካሜራ ያለበት ቱቦ በጉሮሮዬ ገብቶ ሲያዩ የምግብ ቧንቧዬ የታችኛው ክፍል ቆስሏል፤ ጨጓራዬም በደረቴና በሆዴ መካከል ባለው ቀዳዳ በኩል ከፊሉ ወደ ላይ ተስቧል። ሂያታል ሄርኒያ ይባላል። ዓመታት ሙሉ በተልባ ሳባብለው የኖርኩት እሱን ነው።

ሐኪሟ ሁለታችንንም አስቀምጣ አስረዳችን። በስሊቭ የሚቀረው ጨጓራ ጠባብ ቱቦ ስለሚሆን በውስጡ ግፊት ይጨምራል፤ ቃር ያለበትን ሰው ሊያብስበት ይችላል። በኋላ ተመልሰው ስሊቩን ወደ ባይፓስ ያስቀየሩ ሰዎች አሉ። ባይፓስ ግን ውፍረቱንም ቃሩንም በአንድ ላይ ይዞ ይሄዳል። እኔ ቸኮልኩ፤ "እንግዲያው ባይፓስ ይሁና!" አልኩ።

"ለጉልበትዎ ምን ይወስዳሉ?" አለችኝ።

"ዳይክሎፌናክ። ሲብስብኝ መርፌውን።"

"ከባይፓስ በኋላ እሱ የለም። አይቡፕሮፌንም የለም። አዲሱ መገጣጠሚያ ላይ ቁስል ያወጣሉ፤ ቁስሉ ሊደማ፣ ሊበሳም ይችላል። ማስታገሻውን መተው የማይችሉ ከሆነ ሌላ ነው የምንነጋገረው።"

ክው አልኩ። ጉልበቴ ያለ ዳይክሎፌናክ አራተኛ ፎቅ አይወጣም፤ ክላች አይረግጥም። ቃሬ ወደ ባይፓስ ይገፋኛል፣ ጉልበቴ ወደ ስሊቭ ይጎትተኛል። ሐኪሟ "እኔ አልወስንልዎትም፤ ሁለቱም የየራሳቸው ዋጋ አላቸው። የትኛውን ዋጋ መክፈል እንደሚችሉ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። ሳይቸኩሉ ያስቡበት" ብላ ሸኘችን።

ደረጀ ሲሰማ ተቆጣ፤ የሚሸጠው መኪና ላይ እንከን ያወጣሁበት ያህል። የቤት ለቤት ኅብረታችን መሪ ጋሽ መለሰ ደግሞ ገና ባይፓስ የሚለውን ስጨርስ "እግዚአብሔር የዘረጋውን አንጀት ማን ያጥፈዋል ልጄ?" አሉኝ። እኔ ግራ ሲገባኝ የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ መኪና ሳይነዱ አይገዛም። ባይፓስን ሞክሮ መመለስ አይቻልም፤ ያለ ዳይክሎፌናክ መኖርን ግን መሞከር ይቻላል። ሐኪሟን አስፈቅጄ ማስታገሻውን ከቀዶ ሕክምናው በፊት ተውኩት።

መጀመሪያ ላይ ደረጃውን በሁለት እጄ ብረቱን ይዤ እንደ ሕፃን አንድ በአንድ ነው የወጣሁት። ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ እናት ወንበር አውጥተውልኛል። ፓራሲታሞል ወሰድኩ፣ ፊዚዮቴራፒ ጀመርኩ፤ ባለሙያዋ የሰጠችኝን የእግር እንቅስቃሴ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ከልጆቼ ጋር እሠራለሁ። ያማል። ግን እንደ ፈራሁት አልሆነም። በሕመም መኖር እንደምችል፣ አሲድ የሚበላው ጉሮሮ ይዤ መኖር ግን እንደማልፈልግ ገባኝ። በዚያ ላይ ኪሎው ሲወርድ ጉልበቴም እንደሚቀለው ሐኪሟ ነግራኛለች። ከመኪኖቼ አንዷን ሸጥኩና ባይፓስ አልኩ።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት ጉበቴ እንዲያንስ ለሁለት ሳምንት ያህል ከስኳርና ከእህል የራቀ ምግብ ታዘዝኩ። ቦሌ ሚካኤል ያሉትን ጥብስ ቤቶች አቋርጬ ማለፍ ከባዱ ፈተናዬ ነበር። የቀዶ ሕክምናው ጠዋት ሰናይት እጄን ይዛ ጸለየች፤ እኔ አሜን ያልኩት በፍርሃት በደረቀ አፍ ነው።

ስነቃ ሆዴ ላይ አምስት ትናንሽ ቀዳዳዎች ነበሩ፤ በላፓራስኮፒ ስለተሠራ ትልቅ ስፌት የለኝም። ሄርኒያውንም አብረው አስተካክለውልኛል። ደም እንዳይረጋ ብለው እዚያው ቀን አስነስተው ኮሪደር ላይ አንሸራሸሩኝ። ግሉኮሴን እየገፋሁ ስንገዳገድ አንዷ ነርስ "ጎበዝ! ቦሌን ዞሩት እኮ!" አለችኝ። ከዚያ ያለው ውሃ በትንሽ በትንሹ መጎንጨት፣ ቀጥሎ ቀጭን ሾርባ፣ ቀጥሎ የተፈጨ ነገር ነው። ሽሮ ያለ እንጀራ በሻይ ማንኪያ ስበላ ናታን አጠገቤ ቁጭ ብሎ ይቆጥርልኛል፤ "ዛሬ አምስት ማንኪያ በላ!" ብሎ ለእናቱ ይናገራል።

ወደ ቤት በተመለስኩ ሰሞን የኅብረታችን ሰዎች ሊጠይቁኝ መጡ። ጠያቂ ባዶ እጁን አይመጣምና የማንጎ ጁስ ተሸክመው ነው የደረሱት። ሰናይት ወጥ ቤት ነበረች። ጋሽ መለሰ ራሳቸው ቀድተው "ይችን ለእኔ ስትል" አሉኝ፤ አባቴን የሚያህሉ ሰው ናቸውና እምቢ ማለት አልሆነልኝም። ብርጭቆው ሳይጎድል ልቤ መደለቅ ጀመረ። ላብ አጠመቀኝ፣ ሆዴ ተገላበጠ፣ ቤቱ ዞረብኝ። ጋሽ መለሰ እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው በታላቅ ድምፅ መጸለይ ያዙ፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው። ሰናይት እየሮጠች መጣች፣ ብርጭቆውን አየች፣ "ዳምፒንግ ነው! ስኳሩ ቶሎ አንጀቱ ውስጥ ገብቶ ነው፤ ያርፍና ይለቀዋል" አለች። ጋደም አልኩ፣ ለቀቀኝ። ጋሽ መለሰ ጸሎቱ እንደሠራ ዛሬም ይናገራሉ፤ እኔም አልከራከራቸውም። ብቻ ከዚያ ወዲህ ሊጠይቁኝ ሲመጡ ይዘው የሚመጡት እንቁላል ነው።

ከአምስተኛው ሳምንት በኋላ ያለውን ደግሞ ሳልሸፋፍን ልንገራችሁ።

ምግብ አልወርድ አለኝ። መጀመሪያ እንቁላሉ። ቀጥሎ ሾርባው። በመጨረሻ ውሃው። የዋጥኩት ይመለሳል። ቸኩዬ ስለምውጥ ነው አልኩ። ሁለት ቀን ደበቅሁ። እግሬ ከዳኝ። መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ተቀምጬ አሰብኩ፤ ስሊቭ ብመርጥ ኖሮ። ደረጀ ልክ ነበር። ሽቦ አስቀጥዬ ልሞት ነው። ልጆቼን በመኪና አልገደልኳቸውም፤ አሁን ደግሞ ያለ አባት ላስቀራቸው ነው።

ሰናይት አልጠየቀችኝም፤ መኪና ጠርታ ሆስፒታል ወሰደችኝ። ሐኪሟ አየችኝና "መቼ ጀመረዎት? ለምን ቆዩ?" አለች። አዲሱ መገጣጠሚያ ሲድን ጠቦ ነበር። ስትሪክቸር ይሉታል፤ ከባይፓስ በኋላ አንዳንድ ሰው ላይ የሚመጣ ነገር ነው። ከሁሉ በፊት ግሉኮስና የቫይታሚን ቢዋን መርፌ ሰጡኝ፤ የሚያስታውክ ሰው ይህ ቫይታሚን ቶሎ ሊያልቅበትና ነርቩን ሊጎዳው ይችላል አሉኝ። ከዚያ በኢንዶስኮፒ ገብተው ጠባቡን ቦታ ትንሽ ፊኛ ነፍተው አሰፉት። እዚያው ዕለት ውሃ ወረደልኝ። ያንን ጉንጭ ውሃ ዕድሜ ልኬን አልረሳውም። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ ደገሙኝ፤ ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ መንገዱ ተከፍቶለት እንደሚነዳ መኪና ነው፤ ኪሎው በየሳምንቱ ይወርዳል፣ ቀበቶዬ ላይ ቀዳዳ በምስማር እየበሳሁ ቆይቼ በመጨረሻ ቀበቶውን ራሱን ለወጥኩት፣ ግፊቴ ወርዶ የምወስደው ኪኒን ተቀነሰልኝ፣ ትራሴም ከሦስት ወደ አንድ ወረደ። ተልባ የሚባል ነገር ቤታችን ውስጥ ያለው አሁን እናቴ ስለምትልክ ብቻ ነው። ጉልበቴ ጨርሶ አልዳነም፤ ሲበርድ ያስታውሰኛል፤ ግን አራተኛ ፎቅን ሳላርፍ እወጣለሁ። ሰፈሩ ደግሞ በተራው ተጨነቀ። ሥር ያለው ባለሱቅ አንድ ቀን ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ታምሬ፣ ደህና ነህ? መድኃኒት በሰዓቱ ነው እንዴ የምትወስደው?" አለኝ። ምን በሽታ እንደሰጠኝ ገባኝ። "ቫይታሚኔን ነው?" አልኩት፤ ግራ ገብቶት ሻይ ቅጠል ጨመረልኝ።

ዓመት ሊሞላ ሲል የእንቅልፍ ምርመራውን ደገምኩ። ሃምሳ ኪሎ ያህል ወርጄ ነበር። ሐኪሙ ውጤቱን ሁለት ጊዜ አየና "መሣሪያውን ማቆም ይችላሉ። መንዳትም ይችላሉ" አለኝ። እዚያው ወንበር ላይ አለቀስኩ። ወንድ ልጅ አያለቅስም የሚል ካለ፣ ልጁ "ተኝተህ ነው?" ብሎ ጠይቆት አያውቅም ማለት ነው።

ለመምረጥ ለተቀመጣችሁ የምመክረው ጥቂት ነው። የጓደኛችሁን ውጤት አይታችሁ አትምረጡ። ለሐኪም ስትናገሩ በሽታ የማትሉትንም ንገሩ፤ ተልባችሁን፣ ፌጦአችሁን፣ ከፋርማሲ በቃል የምትገዙትን ማስታገሻ፣ ስንት ትራስ ላይ እንደምትተኙ ጭምር። ከቻላችሁ ከእናንተ ጋር የሚኖር ሰው ይዛችሁ ግቡ፤ እኛ የረሳነውን እነሱ ያውቃሉ። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ኢንዶስኮፒ ያስፈልገኝ እንደሆነ ብላችሁ ጠይቁ። እኔ ባይፓስ መረጥኩ ማለት ባይፓስ ይሻላል ማለት አይደለም፤ ቃር የሌለበት ደረጀ በስሊቩ ደስተኛ ነው፣ እኔም ደስ ብሎኛል። ከሁሉም በላይ የሚከታተላችሁ ሐኪም የት እንደሚገኝ ሳታውቁ አትግቡበት፤ ሩቅ አገር ተሠርቶ የሚመለስ ሰው እንደ እኔ ውሃ አልወርድ ቢለው ማን ጋር ይሄዳል? ማስታወክ ከጀመራችሁ ደግሞ አንድ ቀን እንኳ አትደብቁ። ቫይታሚኑ የዕድሜ ልክ ነው፤ የደም ምርመራውም እንዲሁ። ሲሰለቻችሁ እኔም ይሰለቸኛል።

ሐኪሞቼን፣ ነርሶቹን፣ በእንቁላል የሚጠይቁኝን ጋሽ መለሰን አመሰግናለሁ። የሰናይትን ምስጋና ግን በአንድ መስመር መጨረስ አልቻልኩም።

ሐኪሙ መንዳት በፈቀደልኝ ሰሞን ምንም አልጠየቅኋትም። የራሷን ቃል ራሷ እንድታነሳው ጠበቅሁ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹን አለባብሳ፣ ሻንጣ ይዛ፣ ደረጃውን ወርዳ መኪናው አጠገብ ቆመች። "እናትህ ጋ ሆሳዕና እንሂድ" አለች። ልጆቹን ከኋላ አስገብታ ቀበቶአቸውን አሰረችላቸው። ቁልፉን አዞርኩ።

ቡታጅራን ሳናልፍ ሰናይት እንቅልፍ ወሰዳት። ጭንቅላቷን መስኮቱ ላይ ጥላ፣ አፏን ትንሽ ከፍታ። እኔ በምነዳው መኪና ውስጥ ተኝታ አይቻት አላውቅም፤ ሁልጊዜ እንደ ሬዲዮ ሳታቋርጥ ታወራ ነበር። ወራቤ ስንደርስ ነቃች።

"ዛሬ ወሬው ምነው ጠፋ? ለፍላፊዋ ሚስቴ የት ሄደች?" አልኳት።

"ስታገባኝ እኮ ለፍላፊ አልነበርኩም" አለች። "አንገትህ ሲዘም አይ ነበር፤ ድካም ነው እያልኩ። እንዳትተኛብኝ ነበር የማወራው። ያን እሑድ ግን አብሬያችሁ አልነበርኩም።"

ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ እንደገና ዓይኗን ጨፈነች። እኔ ሆሳዕና ድረስ ነዳሁ።